ሁለቱ ወንድማማቾች እና የኢፕር መርዝ ጭስ



ዛሬ የምንተርክላችሁ የሁለት ወንድማማቾችን ታሪክ ነው። አንደኛው ሚር ዳስት ይባላል፣ ሌላኛው ሚር ማስት። ሁለቱም ሙስሊሞች፣ ሁለቱም ከአፍሪዲ ጎሳ የተገኙ ፓሽቱኖች፣ ሁለቱም በእንግሊዝ የሕንድ ጦር ውስጥ የእግረኛ መኮንኖች ነበሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሁለቱም ከአገራቸው ተራራ ተነስተው በባሕር ተጉዘው፣ ስሙን እንኳ ሰምተውት በማያውቁት የፈረንሳይና የቤልጂየም ጭቃ ውስጥ ተሰለፉ። በማርች 1915 መጀመሪያ ላይ አንዱ ወንድም በሌሊት ምሽጉን ለቆ ወደ ጀርመኖች ተሻገረ። ሁለት ወር ሳይሞላ ሌላው ወንድም ጀርመኖች በለቀቁት መርዝ ጭስ ውስጥ ቆሞ የተበተነ ጦር ሰብስቦ አዋጋ፣ የወደቁ መኮንኖችን ተሸክሞ አወጣ፣ የእንግሊዝን ከፍተኛ የጀግንነት ኒሻንም ተሸለመ። (ቀኖቹን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ይህ ታሪክ በማኅበራዊ ሚዲያ አልፎ አልፎ ይዞራል። የሚዞረው ግን ግማሽ ግማሹ ነው። አንዱ ሚር ማስትን ብቻ አንስቶ «የኸሊፋውን ጥሪ የሰማ ጀግና» ይለዋል። ሌላው ሚር ዳስትን ብቻ አንስቶ የሙስሊም ወታደር ታማኝነት ማሳያ ያደርገዋል። እኛ ሁለቱን አንድ ላይ ማንበብ ይሻላል ባዮች ነን። ሚዛኑ የሚያደላው ግን ወደ ሚር ዳስት ነው፤ ምክንያቱም በዚያች ቀን ያደረገው ነገር ከኒሻኑም ከባንዲራውም በላይ ሆኖ ስላገኘነው።

ሚር ዳስት በዲሴምበር 1874 ቲራህ በሚባለው ተራራማ አገር፣ ማይዳን ሸለቆ ውስጥ ተወለደ። ዛሬ ቦታው በፓኪስታንና በአፍጋኒስታን ድንበር አጠገብ ይገኛል። አፍሪዲዎች ለማንም በቀላሉ የማይገዙ፣ ጠመንጃን እንደ ልብሳቸው የሚቆጥሩ ሕዝቦች ናቸው። አገራቸው በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር እንኳ አልነበረም፤ ከድንበሩ ማዶ ነበር። ቢሆንም ድንጋያማው መሬት ሁሉን አያበላምና ብዙ ወጣቶች ወርደው በእንግሊዝ የሕንድ ጦር ይቀጠሩ ነበር። ሚር ዳስትም በ1894፣ በሃያ ዓመቱ፣ በኋላ 55ኛው የኮክ ጠመንጃ ያዦች በተባለው ክፍለ ጦር ተቀጠረ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ሚር ዳስት በተቀጠረ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1897፣ አፍሪዲዎች በእንግሊዝ ላይ ተነሱ። እንግሊዝም በብዙ ሺህ ጦር ቲራህን ወረረች፤ ጦሯ ማይዳን ድረስ ገብቶ መንደሮችን አቃጠለ። ማለትም የሚር ዳስት ቀጣሪ የሚር ዳስትን የትውልድ ሸለቆ አቃጠለ። እሱ በዚያ ወቅት በሌላ የድንበር ዘመቻ፣ በቶቺ ሸለቆ፣ ላይ ነበር። ከዚያም በዋዚሪስታን ዘመተ፣ በ1908 ደግሞ በሞህማንዶች ላይ በተደረገው ዘመቻ ባሳየው ጀግንነት የሕንድ ጦር ሜዳይ አገኘ። በ1909 ጀማዳር ሆነ። አስቡት፣ ይህ ሰው ፈረንሳይ ሲደርስ አርባ ዓመት የሞላው፣ ግማሽ ዕድሜውን በጦር ሜዳ ያሳለፈ አንጋፋ ወታደር ነበር።

ጀማዳር ማለት ምን ማለት ነው? ይህን ካልተረዳን የኢፕርን ቀን አንረዳውም። በእንግሊዝ የሕንድ ጦር ውስጥ ሁለት ዓይነት መኮንን ነበረ። አንደኛው ከንጉሡ ሹመት የሚያገኘው እንግሊዛዊው መኮንን ነው። ሁለተኛው በሕንድ እንደራሴ የሚሾመው የአገሩ ተወላጅ ነው። ጀማዳር ከሁለተኛው ወገን ዝቅተኛው ማዕረግ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ አንድ መቶ ይመራል። ሃያ ዓመት የተዋጋ ጀማዳር ትናንት ከትምህርት ቤት ከወጣ እንግሊዛዊ ምክትል መቶ አለቃ በታች ነበር፤ ሰላምታ የሚሰጠው እሱ፣ ትእዛዝ የሚቀበለውም እሱ። ሥርዓቱ የተሠራው ተወላጁ ሰው ጦር ይመራል ተብሎ ሳይሆን የእንግሊዛዊውን ትእዛዝ ለወታደሩ ያደርሳል ተብሎ ነው።

ኒሻኑም እንዲሁ ነበር። ቪክቶሪያ ክሮስ የሚባለው የእንግሊዝ ከፍተኛው የጀግንነት ኒሻን በ1856 ቢቋቋምም እስከ 1911 ድረስ ለሕንድ ተወላጅ ወታደር አይሰጥም ነበር። ከ1911 ወዲህ ሲፈቀድ የመጀመሪያው ተሸላሚ ሙስሊም ነው፦ ኹዳዳድ ኻን፣ የ129ኛው ባሉቺዎች ተራ ወታደርና መትረየስ ተኳሽ። ኦክቶበር 31 ቀን 1914 ሆለቤክ በተባለ የቤልጂየም መንደር አጠገብ ጓዶቹ ሁሉ አልቀው፣ እሱ ቆስሎ ብቻውን መትረየሱን ሲተኩስ የዋለ ሰው ነው። በእርሱ ላይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ኢንሻአላህ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ወንድሙ እንሂድ። በኖቬምበር 1914 ኦቶማን ከጀርመን ጎን ወደ ጦርነቱ ገባች። ኖቬምበር 14 ቀን በኢስታንቡል የጂሃድ አዋጅ ተነበበ። አዋጁ በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በሩሲያ ግዛት ሥር ያሉ ሙስሊሞችን ሁሉ በገዢዎቻቸው ላይ እንዲነሱ የሚጠራ ነበር። ጀርመኖች ይህን አዋጅ በብዙ ቋንቋ አሳትመው እስከ ምሽግ ድረስ በተኑት። የኛም አገር ከዚህ ነፋስ ውጭ አልነበረችም፤ በልጅ ኢያሱ ዘመን ሐረር ላይ የነበረው የኦቶማን ቆንስል መዝሐር ቤይ ይሠራ የነበረው ይህንኑ ሥራ ነው።

እና ያ አዋጅ ለአንድ ሙስሊም ወታደር ምን ማለት ነበር? በመላው ጦርነት ወደ 400 ሺህ የሚጠጉ ሙስሊሞች በእንግሊዝ የሕንድ ጦር አገልግለዋል። አብዛኞቹ አልከዱም። በፌብሩዋሪ 1915 ግን በሲንጋፖር የሚገኘው 5ኛው እግረኛ፣ ወታደሮቹ ሙስሊሞች ነበሩ፣ ከኦቶማን ጋር ልንዋጋ ነው የሚል ወሬ ሰምተው አመፁ። አመፁ ከከሸፈ በኋላ 47 ሰዎች ተረሸኑ፤ ግድያው የተፈጸመው ሕዝብ እያየ ነበር። ከዚያ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ፣ ማርች 2 ለ3 አጥቢያ፣ ዝናብ በሚጥልበት ሌሊት፣ ኔቭ ሻፔል በተባለው የፈረንሳይ ግንባር የ58ኛው ቮን ጠመንጃ ያዦች ጀማዳር ሚር ማስት ከአሥር የሚበልጡ አፍሪዲዎችን አስከትሎ ወደ ጀርመን ምሽግ ተሻገረ።

ጀርመኖች እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉት። ከበርሊን በስተደቡብ፣ ቩንስዶርፍ በተባለ ቦታ፣ ሙስሊም ምርኮኞችን የሚያኖሩበት «የግማሽ ጨረቃ ካምፕ» ነበራቸው። በ1915 ክረምት እዚያ ውስጥ ከእንጨት የተሠራ መስጊድ ተከፈተ፤ በጀርመን ምድር ለሶላት ተብሎ የተሠራ የመጀመሪያው መስጊድ ይኸው ነው። ዓላማው ግን ምርኮኞቹን ወደ ኦቶማን ጎን ማዞር ነበር። በዚያው ዓመት ጀርመንና ኦቶማን የአፍጋኒስታኑን አሚር ለማሳመን ወደ ካቡል መልእክተኞችን ሲልኩ አብረው ከሄዱት መካከል አፍሪዲዎች ነበሩ። ሚር ማስትን የጀርመኑ ንጉሥ በገዛ እጁ የብረት መስቀል ሸለመው የሚለው ወሬ በየቦታው ይጻፋል፤ የታሪክ ሰዎች ፈልገው ማስረጃ ያጡለት ወሬ ነው፤ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ይህን እወቁልን።

ሚር ዳስት በዚህ ጊዜ ከ55ኛው ተነስቶ ከ57ኛው ዋይልድ ጠመንጃ ያዦች ጋር ተመድቦ በግንባሩ ነበር። የወንድሙ መሻገር በአፍሪዲ ወታደሮች ሁሉ ላይ የእንግሊዞችን ጥርጣሬ አሳደረ። የከዳ ሰው ወንድም ሆኖ በዚያው ጦር ውስጥ መኮንን መሆን ምን ዓይነት ሸክም እንደሆነ ለማወቅ ወታደር መሆን አያስፈልግም።

ኤፕሪል 22 ቀን 1915 ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ፣ ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር ከተባለችው ከተማ በስተሰሜን፣ ጀርመኖች ከ150 ቶን በላይ ክሎሪን ጋዝ ከሲሊንደሮች ለቀቁ። በምዕራቡ ግንባር በዚህ መጠን መርዝ ጋዝ ሲለቀቅ የመጀመሪያው ነበር። ጭሱ መጀመሪያ የደረሰባቸው የፈረንሳይ ወታደሮች ናቸው፤ ከእነሱ መካከል ከአልጄሪያ የመጡ ሙስሊም ወታደሮች ነበሩበት። በመጀመሪያው የክሎሪን ደመና ታፍነው ከሞቱት ውስጥ ሙስሊሞች እንዳሉበት የሚያስታውስ ስንት ነው?

የተከፈተውን ክፍተት ለመድፈን የሕንድ ጦር ላሆር ክፍለ ጦር ከኔቭ ሻፔል አካባቢ ተጠርቶ በጥድፊያ ወደ ሰሜን ገሰገሰ። ወታደሮቹ ቀንና ሌሊት በተንሸራታች የድንጋይ ንጣፍ መንገድ ተጉዘው ደክመው ደረሱ። በማግስቱ፣ ሰኞ ኤፕሪል 26 (በኛ ሚያዝያ 18 ቀን 1907) ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ማውዘር ኮረብታ ወደተባለው የጀርመን ምሽግ እንዲያጠቁ ታዘዙ። የጠላትን ምሽግ በደንብ ያጠና አልነበረም። መድፉ ለአርባ ደቂቃ ያህል ተኩሶ ዝም አለ። እግረኛው ደግሞ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን ገላጣ ሜዳ፣ በመጀመሪያ ዳገት ቀጥሎ ቁልቁለት ከዚያ እንደገና ዳገት፣ መሻገር ነበረበት።

የመጀመሪያውን ዳገት ጨርሰው ብቅ ሲሉ የጀርመን መድፍና መትረየስ አገኛቸው። ሰው እንደ ታጨደ አዝመራ ወደቀ። የ57ኛው እንግሊዛውያን መኮንኖች፣ ከፊት ሆነው ስለሚመሩ፣ ቶሎ ቶሎ አለቁ ወይም ቆሰሉ። ሚር ዳስት መቶውን ይዞ ወደፊት ቀጠለ። ጥቂቶች ወደ ጀርመን ሽቦ ተጠጉ፤ ሽቦው ግን በመድፍ አልተቆረጠም ነበር። እዚያ ላይ እያሉ ነው ጀርመኖች ጋዙን እንደገና የለቀቁት።

ስለ ክሎሪን አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ከአየር ይከብዳል። ስለዚህ መሬት ለመሬት ይሳባል፣ ጉድጓድ ካገኘ ይሞላዋል። ከጥይት የሚያድነው ቦታ፣ ማለትም ቦዩ፣ የመድፉ ጉድጓድ፣ መሬት ላይ መተኛት፣ በጋዝ ጊዜ የሚገድለው ቦታ ይሆናል። ሰውየው ቀና ካለ መትረየስ ይመታዋል፣ ካጎነበሰ ሳንባው ይቃጠላል። የሮጠም አይድንም፤ ነፋሱ ጭሱን በሮጠበት አቅጣጫ ስለሚነዳው አብሮት ይሮጣል፣ እያለከለከም አብዝቶ ይስበዋል። በዚያ ሳምንት ከሮጡት ይልቅ በቦታቸው የቆዩት ያነሰ እንደተጎዱ በኋላ ታውቋል፤ በሰዓቱ ግን ይህን የነገራቸው ማንም የለም። የጋዝ ጭንብል ገና አልተሠራም። የነበራቸው መፍትሔ የራስ ጥምጥማቸውን ፈትተው በውሃ ወይም በሽንት ነክረው አፍና አፍንጫቸው ላይ ማሰር ብቻ ነበር።

መስመሩ ተሰበረ። ጭሱ በቀጥታ የመጣበት ብርጌድ ወደኋላ ፈሰሰ፤ ማንም በዚህ አይፈረድበትም። ሚር ዳስት ግን ቆመ። ጋዙ እሱንም ነክቶታል። አዛዥ የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን በአካባቢው አልቀረም። ከዚህም ከዚያም የተበተኑ፣ ጋዝ ያደነዘዛቸው፣ ከየራሳቸው ክፍል የተለዩ ወታደሮችን አንድ በአንድ ሰበሰበ። በትእዛዙ ሥር አደረጋቸውና ወደኋላ እንዲመለሱ ትእዛዝ እስኪመጣ ድረስ ያን ምሽግ ይዞ ቆየ። ሃያ ዓመት ሙሉ «አንተ ታዛዥ እንጂ አዛዥ አይደለህም» ያለው ሥርዓት በአንድ ሰዓት ውስጥ ፈርሶ፣ ጦሩ የቀረው መሪ እሱ ብቻ ሆነ።

ለእኛ ከሁሉም በላይ የሚመዝነው ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። የማፈግፈግ ትእዛዝ ከመጣ በኋላ ሚር ዳስት ራሱን ማዳን ይችል ነበር፤ ግዴታውን ጨርሷል። እሱ ግን በሜዳው ላይ የወደቁ መኮንኖችን ወደ ደህና ቦታ ወደማጓጓዝ ገባ። የሽልማቱ መግለጫ፣ ጁን 29 ቀን 1915 በለንደን የመንግሥት ጋዜጣ የወጣው፣ በከባድ ተኩስ ሥር ሆኖ ስምንት እንግሊዛውያንና ሕንዳውያን መኮንኖችን ተሸክሞ በማውጣት እንደረዳ ይመሰክራል። ስምንት ሰው ማለት እየሄዱ እየተመለሱ፣ ደጋግሞ ወደዚያ ሜዳ መግባት ማለት ነው። የተቃጠለ ሳንባ ይዞ፣ ሰው ተሸክሞ።

ልብ በሉ፣ መግለጫው ስንት ጀርመን ገደለ አይልም። የሰበሰባቸውንና ያተረፋቸውን ነው የሚቆጥርለት። የጦር ሜዳ ጀግንነት ሲነሳ ብዙ ጊዜ የምንቆጥረው ሬሳ ነው። እዚህ ግን የተቆጠረው ነፍስ ነው። ለዚህም ነው «ለማን ብሎ ተዋጋ?» የሚለው ጥያቄ፣ ተገቢ ጥያቄ ቢሆንም፣ ይህን ሰው ጠቅልሎ የማይዘው። ጦርነቱ የእሱ አልነበረም፤ ኮረብታውም አልተያዘም፤ ላሆር ክፍለ ጦር በዚያ ሳምንት ብቻ ወደ አራት ሺህ የሚጠጋ ሰው በሞት፣ በቁስልና በመጥፋት አጣ። ከጎኑ የወደቀው ሰው ግን የእሱ ነበር።

ወንድሙንስ እንፍረድበት? አገሩን ያቃጠለበትን ጦር ትቶ ስለሄደ ሚር ማስትን ለመውቀስ እኛ አንቸኩልም። ግን እውነቱን እንናገር፤ የተሻገረበት ወገን በመስጊድ የተቀበለው፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የአልጄሪያ ሙስሊሞችን በጋዝ ያፈነ፣ የገዛ ወንድሙንም ሳንባ ያቃጠለ ወገን ነው። ሙስሊሙን በሙስሊም ላይ ማሰለፍ የአንድ አገር ብልሃት አልነበረም። ጣሊያንም ከኤርትራ የመለመለቻቸውን ሙስሊም አስካሪዎች ባሕር አሻግራ በሊቢያ ሙስሊሞች ላይ አዝምታለች። በየትኛውም ወገን ያለው ተራ ሰው በእጁ ያለው ምርጫ ጠባብ ነበር።

ሚር ዳስት ወደ እንግሊዝ ተልኮ በብራይተን ከተማ ታከመ። የእንግሊዝ ንጉሣውያን በሕንድ አሠራር ያስገነቡት፣ ጉልላትና ሚናራ መሳይ ማማ ያለው ቤተ መንግሥት በዚያን ጊዜ ለሕንድ ቁስለኞች ሆስፒታል ሆኖ ነበር። ለሙስሊሞችና ለሂንዱዎች የተለያየ ማዕድ ቤት፣ የተለያየ የውሃ ቧንቧ፣ ለሙስሊሞችም ሶላት የሚሰግዱበት ቦታ ተዘጋጅቷል። የሞቱት ሙስሊሞች በ1889 በተሠራው የወኪንግ ሻህ ጀሃን መስጊድ አቅራቢያ በኢስላማዊ ሥርዓት ይቀበሩ ነበር። በከፊል ከልብ ነው፣ በከፊል ደግሞ ጀርመኖች «እንግሊዝ የሙስሊም ሬሳ አታከብርም» ብለው ያሰራጩትን ወሬ ለመመከት ነው።

ኦገስት 25 ቀን 1915 በዚያ ቤተ መንግሥት አትክልት ስፍራ ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ በገዛ እጁ ቪክቶሪያ ክሮስን ደረቱ ላይ ሰካለት። ከእርሱ በፊት ይህን ኒሻን ያገኙት ሦስት ሕንዳውያን ከመኮንንነት በታች ያሉ ወታደሮች ነበሩ፤ በመኮንንነት ያገኘ የመጀመሪያው ሚር ዳስት ነው። ወደ ሱበዳርነትም ከፍ ተደርጓል። እንግሊዝ ፎቶውን፣ ሥዕሉን፣ ስሙን በየጋዜጣው አወጣች፤ የከዳው ወንድም ነገር ሲነሳ የምታሳየው ሌላ ወንድም አገኘች።

በዚያ ቀን የሆነ አንድ ነገር ግን የፕሮፓጋንዳው ፎቶ ላይ አይታይም። በሆስፒታሉ የነበሩ ሌሎች ቁስለኞች ወደ አገራቸው በላኩት፣ ሳንሱር በሚያነበው ደብዳቤ ውስጥ ጽፈውታል። ንጉሡ ፊት በቆመ ጊዜ ሚር ዳስት ለራሱ መሬት አልለመነም፣ ጡረታ አልለመነም። አንዴ የቆሰለ ሰው ተመልሶ ወደ ምሽግ አይላክ ብሎ ጠየቀ። ይህ በዚያን ጊዜ የሕንድ ቁስለኞች ሁሉ የልብ ቁስል ነበር፤ አገግመው ሲጨርሱ ወደ አገራቸው እንሄዳለን ሲሉ እንደገና ወደ ግንባር ይላኩ ነበርና። ይህን የመሰለ ነገር ለንጉሥ መናገር፣ ያውም ወንድሙ ለከዳ ሰው፣ ቀላል ድፍረት አልነበረም። የማውዘር ኮረብታው ሚር ዳስትና የብራይተኑ ሚር ዳስት አንድ ሰው ናቸው፤ እዚያ በትከሻው ያወጣውን ሰው እዚህ በአንደበቱ ሊያወጣ ሞከረ።

በ1915 መጨረሻ የሕንድ እግረኛ ጦር ከፈረንሳይ ወጣ። ላሆር ክፍለ ጦር ወደ መስጴጦምያ ሄዶ ሙስሊም ወታደሮቹ ሲፈሩት የነበረው ነገር ደረሰ፤ ከኦቶማን ጦር ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጡ። ሚር ዳስት በዚያ አልነበረም። ጋዙ ሳንባውን አልለቅ አለው፤ ከብራይተን በጻፈው ደብዳቤ ላይም ኒሻኑን እንዳገኘ ገልጾ፣ ጋዙ ግን ዕረፍት እንደነሳው አማርሯል። በ1917 ከጦሩ ተሰናብቶ ወደ አገሩ ገባ። ከዚያ በኋላ ወደ ሠላሳ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አላህ ሰጠው። በጃንዋሪ 1945፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ወራት ሲቀሩት፣ በሰባ ዓመቱ በፔሻዋር አካባቢ በሚገኝ መንደሩ አረፈ። ስሙ ዛሬ ለንደን ውስጥ በሃይድ ፓርክ ማዕዘን በቆመው የመታሰቢያ በር ላይ ተጽፎ ይገኛል።